ጥለቱ ወደ አንገት የታጠፈው ነጠላ፦ የወይዘሮ ደብሪቱ ገብረሰንበት ዜና ሕይወት

አባቶቻችን ካህናት፣ የዕድራችን አባላት፣ ከጎሮም ከመገናኛም ሥራችሁን ጥላችሁ የመጣችሁ ወዳጆች፣ እንዲሁም ከኋላ ቆማችሁ ስልክ የምትነካኩ ልጆች ሁሉ፣ ይህችን ጽሑፍ አንብቤ እስክጨርስ ድረስ ጆሯችሁን እንድታውሱኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ ገረመው እባላለሁ፤ ከእህታችን ከወይዘሮ ደብሪቱ ገብረሰንበት ጋር በሰሚት ኮንዶሚኒየም በአንድ ፎቅ ላይ በር ለበር የኖርሁ ጎረቤታቸው፣ የዕድራችንም ዳኛ ነኝ። ዜና ሕይወት ማንበብ የሥጋ ዘመድ ድርሻ ነበር፤ ነገር ግን ልጃቸውን ሉሊትን እንባዋ አላስነብብ ስላላት ወረቀቱን ለእኔ ሰጥታለች፤ ከዚህ በታች የምትሰሙትንም ሁሉ፣ የቤታቸውን ገመና ጭምር፣ ሳልደብቅ እንድናገር የፈቀደችው እርሷ ናት። እኔማ ሆድ ይፍጀው ብያት ነበር፤ እርሷ ግን ሆዳችን ብዙ ፈጅቷል፣ ይብቃው አለችኝ።

ወይዘሮ ደብሪቱ ከአባታቸው ከአቶ ገብረሰንበት እና ከእናታቸው ከወይዘሮ እንቁ፣ በምንጃር፣ ከአረርቲ ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር፣ በጥቅምት ወር 1947 ዓ.ም. ተወለዱ። እናታቸው ወይዘሮ እንቁ በአካባቢው የታወቁ ፈታይ ነበሩ፤ ነገር ግን ግራኝ ስለነበሩ እንዝርቱን የሚያሾሩት በግራ እጃቸው ነበር፣ ስለዚህም ክራቸው የአገሬው ክር ከሚከርበት በተቃራኒው ወገን ይከርር ነበር። ሸማኔዎቹ፣ ይህ የግራኝ ፈትል ከሌላ ክር ጋር አልስማማ እያለ አስቸገረን፣ ለብቻው ካልሆነ አንሠራውም እያሉ ያማርሩ እንደነበር ወይዘሮ ደብሪቱ እየሳቁ ያወሩልን ነበር። ዓይንማ አይለየውም፤ የለመደ ጣት ግን ሲዳስሰው ያውቀዋል። ይህን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በአጥቢያቸው ፊደል ከቆጠሩ በኋላ፣ ቦሌ ይኖሩ ከነበሩ አክስታቸው ዘንድ መጥተው እስከ አራተኛ ክፍል ተምረዋል። ከዚያ በላይ ለመቀጠል ኑሮ ስላልፈቀደላቸው፣ በዚያው በቦሌ አካባቢ በነበረ አንድ የልብስ ንጽሕና መስጫ ቤት ተቀጥረው ረጅም ዘመን አገልግለዋል። ኮትና ሱሪ በማሽን ይታጠብ፣ እሱስ ምን ገዶኝ ይሉ ነበር፤ የእናት ፈትል ከብረት ከበሮ ውስጥ ገብቶ ሲንገላታ ማየት ግን አልሆነላቸውም። አንድ ቀን የአንዲት አሮጊት ቡሉኮ ከማሽኑ እንደ አሮጌ መወልወያ ተበጣጥሶ ሲወጣ፣ አሮጊቷ ቆመው ሲያለቅሱ አይተው፣ በዚያው ሳምንት ሥራቸውን ለቀው በቤታቸው የሸማ አጣቢ ሆኑ።

አሠራራቸውን እኛ ጎረቤቶቻቸው ሁላችን እናውቀዋለን፤ በጋራ መገልገያው ቤት፣ በኮሙናሉ ውስጥ ከእርሳቸው ጋር ቦታ ያልተሻማ ማን አለ? የደረቀ እንዶድ ወቅጠው ዘፍዝፈው አረፋውን ያወጣሉ፤ ለብ ባለ ውሃ ሸማውን ነክረው በመዳፋቸው ጫን ለቀቅ ያደርጉታል እንጂ አያሹትም፤ ጠምዝዘው አይጨምቁም፤ ጥለቱ ቀለም እንዳይለቅ ጫፉን አስቀድመው አርጥበው በነጭ ጨርቅ ይፈትኑታል፤ ሲያሰጡም ከፀሐይ ሸሽተው፣ በጥላ ሥር፣ በንጹሕ አንሶላ ላይ ዘርግተው ነው። በገመድ ላይ የተንጠለጠለ ጋቢ ካዩ ባለቤቱን ፈልገው ይቆጡት ነበር። የሰሚት የግንባታ አቧራ ለሥራቸው ጠላት ስለሆነ፣ ነፋስ ሲነሳ ደረጃውን እየሮጡ ሲወርዱ ያየ ሰው ቤት የተቃጠለባቸው ይመስለው ነበር። ልጆቼ ነጭ ይሁን ብለው በረኪና ያፈሰሱበትን የእኔን ጋቢ ባሳየኋቸው ጊዜ ደግሞ፣ አገላብጠው አይተው፣ አቶ ገረመው ይህ ጋቢ ምን በድሎዎት ነው አሉኝ።

ከአሠራራቸው ሁሉ ግን ለዛሬው ነገር የሚያስፈልገን አንድ ልማዳቸው ነው። ሴቶች ስታዝኑ ነጠላ አዘቅዝቃችሁ፣ ጥለቱን ወደ አንገታችሁ አድርጋችሁ እንደምትለብሱ የታወቀ ነው። ወይዘሮ ደብሪቱ የደስታና የቤተ ክርስቲያን ነጠላ ሲያጥፉ ጥለቱን ወደ ታች ያወርዱታል፤ የሐዘንተኛ ነጠላ ሲሆን ግን ጥለቱን ወደ አንገት አዘቅዝቀው ያጥፉት ነበር። ሰው የሞተበት ሰው የቱን ወገን ላዙር ብሎ አይጨነቅ፣ አንስቶ ትከሻው ላይ ብቻ ይጣለው ይሉ ነበር። ለቅሶ የደረሰበት ቤት ሁሉ ይህን ደግነታቸውን ያውቃል፤ ብዙዎቻችሁ ያንን ነጠላ ለብሳችኋል።

በ1974 ዓ.ም. የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ከነበሩት ከአቶ ተስፋጽዮን ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻ ፈጽመው፣ በ1978 ዓ.ም. አንድያ ልጃቸውን ሉሊትን ወለዱ። አቶ ተስፋጽዮን በ1988 ዓ.ም. በሕመም ከዚህ ዓለም ሲለዩ ወይዘሮ ደብሪቱ ሌላ ባል ሳያገቡ፣ የሰው እጅ ሳያዩ፣ ልጃቸውን በሸማ አጠባ አሳድገው ለኮሌጅ አብቅተዋታል። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ደርሷቸው በ2003 ዓ.ም. ወደ ሰሚት የገቡትም ከሉሊት ጋር ነበር። በዚያን ጊዜ ከቤታቸው ሳቅ ይሰማ ነበር፤ እናትና ልጅ በአንድ ነጠላ ተጠቅልለው በረንዳ ላይ ሲጫወቱ እናይ ነበር። እኔም ዝም በሉ፣ ሰው ይተኛበት እያልሁ እቆጣቸው ነበር፤ ኋላ ግን ያ ድምፅ ናፈቀኝ።

ሉሊት በጥር ወር 2006 ዓ.ም. መሐንዲስ የሆነውን ፊሊጶስን አገባች። ለመልሷ ቀን እናቷ ያዘጋጁላት ነጠላ አያቷ ወይዘሮ እንቁ ከማረፋቸው በፊት የፈተሉት የመጨረሻ ፈትል፣ ያ የግራኝ ክር ነበር። በዚያ ሳምንት በሰፈራችን ለቅሶ በለቅሶ ላይ ተደራርቦ፣ ወይዘሮ ደብሪቱ የሠርግ ድግሱን እያሰናዱ የሐዘንተኛውንም ነጠላ ሲያጥቡና ሲያጥፉ ሰንብተው ነበር። እጃቸው ያንኑ ለምዶ፣ የሙሽራዋን ነጠላ ጥለቱን ወደ አንገት አዘቅዝቀው አጠፉት። ሉሊትም እናቴ ያጠፈችው ነው ብላ ሳታይ አንስታ፣ በመልሱ አዳራሽ መካከል፣ በዘመድ አዝማድ ፊት ትከሻዋ ላይ ጣለችው። ነገር በዓይን ይገባል ይባል የለ፤ እልልታው በመሐል ቆመ። የሙሽራው እናት ደንግጠው፣ ምነው በሠርጋችን ለቅሶ ታጠፈልን የሚል ቃል አመለጣቸው። ሉሊት ነጠላውን አዙራ ለበሰችው፣ ዘፈኑም እንደገና ተጀመረ፤ ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

በዓመቱ የሉሊት የመጀመሪያ ልጅ ሲወለድ ሞተ። የሚያሳዝን ነገር ነው፤ በብዙ ቤት የሚደርስ ነገር ነው፤ ሐኪሞቹም ምክንያቱን በደንብ አስረድተው ነበር። የሙሽራው እናትም ቢሆኑ ያን ቃል አልደገሙትም፤ እንዲያውም ዛሬ ከመካከላችን ቆመው ከማንም በላይ ሲያለቅሱ እያየኋቸው ነው። ቃሉን የደገሙት ወይዘሮ ደብሪቱ ራሳቸው ናቸው፤ ለብቻቸው፣ በልባቸው፣ ሳያቋርጡ። ለልጄ ሐዘን ያጠፍሁላት እኔ ነኝ፣ እጄ የለቅሶ እጅ ሆኗል፣ የነካሁት ሁሉ ይሞታል ብለው አመኑ። ከዚያ ወዲህ ሉሊት ከባሏ ጋር ከምትኖርበት ከጎሮ ወደ ሰሚት በመጣች ቁጥር በር አልከፈቱላትም።

እኔ በር ለበር ነኝና ሁሉንም ሰምቻለሁ። ሉሊት በሩን ስታንኳኳ፣ እናቷ ከውስጥ ሆነው ደህና ነኝ ልጄ፣ ሂጂ፣ እጄ አይንካሽ ሲሉ እሰማ ነበር። ሽማግሌ ሆነን ገባን፤ ለእኛ በር ይከፍታሉ፣ ሻይ ያቀርባሉ፣ ስለ ልጃቸው ስናነሳ ግን ዓይናቸው ግድግዳ ላይ ይቀራል። የንስሐ አባታቸው መጥተው ይህ ሟርት ነው፣ ክርስቲያን በጨርቅ አጣጠፍ አይፈርድም ብለው ገሠጹአቸው፤ መስቀል ተሳለሙ፣ እሺ አባቴ አሉ፣ በሩን ግን አልከፈቱም። ሉሊት በ2009 ዓ.ም. ሴት ልጇን ማኅደርን ስትፀንስ ደግሞ እርሷም የእናቷን እጅ ፈራች፤ ይህን እንዳልዘለው አጥብቃ የነገረችኝ እርሷው ናት። ልጅቱ በደህና ተወለደች። አያቷ ግን አላቀፏትም። ከጎሮ ሰሚት ምን ያህል ነው? አንድ ታክሲ ነው። በዚያ አንድ ታክሲ መንገድ መካከል ዓመታት አለፉ።

ወይዘሮ ደብሪቱ በእነዚያ ዓመታት ብቻቸውን ነበሩ፤ ብቻ ማለት እንዲህ ነው ወይ ያሰኛል። በዓል ሲመጣ የሕንፃችን ሰው ሁሉ በሬና በግ ሲያርድ፣ እርሳቸው የሰውን የበዓል ልብስ አድርሰው ተመልሰው በራቸውን ይዘጋሉ። ኑ ብለን ጠርተናቸው እንኳ ሕፃን ካለበት ቤት አይገቡም ነበር፤ በደረጃው ላይ ልጅ ካገኙ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ሸጉጠው ግድግዳ ታክከው ያሳልፉት ነበር። ልጆቹ ኩሩ ናቸው ይሏቸው ነበር። ምን ኩራት! እኔ ያንን ሳይ ወደ ቤቴ ገብቼ አለቅስ ነበር፤ ሽማግሌ ነኝ፣ አላፍርም።

አሁን የምነግራችሁን ትናንት ለቅሶ ቤት መጥተው የገለጹልን በመገናኛ የባህል ልብስ መደብር ያላቸው አቶ ሚስባህ ናቸው። አቶ ሚስባህ ከደንበኞቻቸው የሚታጠብ ሸማ ተቀብለው ለወይዘሮ ደብሪቱ ያደርሱ ነበር። ማኅደር ድክ ድክ ማለት ስትጀምር ሉሊት ወደ መደብሩ ሄዳ፣ የቤቷን ሸማ ለእናቷ እንዲያደርሱላት፣ ነገር ግን የማን እንደሆነ እንዳይናገሩ፣ ሄኒ የምትባል ደንበኛ ናት እንዲሉ ለመነቻቸው። የእናቷ እጅ እርሷን ባይነካት እንኳ ልብሷን ይንካላት ብላ ነው። አቶ ሚስባህም፣ የሰው አደራ ነው፣ አላህ ያየኛል ብለው ምስጢሩን ጠበቁ።

የመጀመሪያው ጥቅል ሲደርሳቸው ወይዘሮ ደብሪቱ ነጠላውን በጣታቸው ዳበሱት። የግራኝ ፈትል ነው፤ በዚህ ከተማ ያን ክር የለበሰ አንድ ሰው ብቻ ነው። የማን ነው ብለው አልጠየቁም። ይሄኛው አይቸኩልም፣ እኔ ዘንድ ትንሽ ይሰንብት ብለው ብቻ ተቀበሉ። ከዚያ ወዲህ አቶ ሚስባህ በመጡ ቁጥር፣ ሄኒ ደህና ናት ወይ ብለው ይጠይቋቸዋል፤ እርሳቸውም ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ ይሏቸዋል። ሉሊትም በተራዋ ጥቅሉን ልትወስድ ስትመጣ፣ አጣቢዋ ደህና ናቸው ወይ ትላለች፤ አቶ ሚስባህም ደህና ናቸው ይላሉ። እናትና ልጅ በሰው አፍ እንዲህ ሲጠያየቁ ኖሩ። ሁለቱም ያውቁ ነበር፤ ሁለቱም ማወቃቸውን አልተናገሩም።

በጥቅሉ ውስጥ የማኅደር የሀበሻ ቀሚስም ይኖር ነበር። ወይዘሮ ደብሪቱ የልጅ ልጃቸውን የሚያውቋት በቀሚሷ ርዝመት ነበር፤ ቁመቷ መጨመሩን በጠርዙ፣ ማንጎ መውደዷን ደረቷ ላይ በቀረው እድፍ፣ ትምህርት ቤት መግባቷን በእጅጌዋ ላይ ባለው ቀለም አወቁ። ሉሊት ልብሱ እንዳይጠፋ በቀሚሱ አንገት ላይ ማኅደር ብላ በክር ጽፋበት ነበር፤ አንድ ጊዜ ጥቅሉ ሲመለስ የላላው የስሙ ክር በአዲስ ክር፣ በጥንቃቄ፣ ከመጀመሪያው ይልቅ አምሮ ተሰፍቶ አገኘችው። ያን ቀን ሉሊት መኪናዋ ውስጥ ቁጭ ብላ ማልቀሷን ነግራኛለች። የነጠላው ጥለት ደግሞ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ፣ አንድም ጊዜ ሳይሳሳት፣ ወደ ታች ወርዶ ይታጠፍ ነበር።

ወይዘሮ ደብሪቱ ከአምና ጀምሮ በልብ ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው፣ ሐኪሞቹ ከዚህ በላይ የሚደረግ ነገር እንደሌለ ነግረዋቸው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ለሉሊት ልደውልላት ብላቸው እንዳትነግሯት ብለው አስማሉኝ። ደረጃውን ለመውጣት ትንፋሽ ያጥራቸው ስለነበር፣ እንዶዱን እኔ ወቅጬ፣ ውሃውን ቀድቼ አቀርብላቸው ነበር፤ እጄ ግን ውሃው ውስጥ እንዲገባ አልፈቀዱልኝም፤ በረኪና ለምዷል ይሉኝ ነበር። ለገና ከተላከው ጥቅል በቀር የሰው ልብስ ሁሉ መልሰው፣ ያንን አንድ ጥቅል ብቻ ቀስ እያሉ አጠቡት።

በዚህ በታኅሣሥ ወር መጀመሪያ ላይ፣ ያን ሁሉ ዓመት አቶ ሚስባህ ይመጡላቸው የነበሩት ሴት፣ ራሳቸው ታክሲ ተሳፍረው፣ በመገናኛ ግፊያ መካከል አልፈው ጥቅሉን ወደ መደብሩ ይዘው ሄዱ። ሄኒ ደህና ናት ወይ ብለው አልጠየቁም። ይህን ዛሬውኑ ለሉሊት ስጡልኝ አሉ። አቶ ሚስባህ ይህን ሲነግሩን፣ ስሟን ከአፋቸው ስሰማ ወንበር ማቅረብ እንኳ ረሳሁ ብለዋል።

ሉሊት ጥቅሉን ጎሮ ከቤቷ ስትፈታው፣ የማኅደር ቀሚስ ለበዓል እንደሚሆን ሆኖ ታጥፎ ከላይ ነበር፤ ከሥሩ ያ የአያቷ ፈትል ነጠላ፣ ጥለቱ ወደ አንገት ተዘቅዝቆ ታጥፏል። ማንም አልደወለላትም፤ ማንም አልነገራትም። ነጠላውን አይታ አወቀች። ልጇን ይዛ፣ የቤት ጫማዋን ሳትቀይር ወደ ሰሚት በረረች።

እኔ እግሯን በደረጃው ላይ ስሰማ እንደ ድሮው ሂጂ ልጄ ሲባል ላለመስማት በሬን ልዘጋ ነበር። የእርሳቸው በር ግን አልተቆለፈም ነበር፤ ገፋ ስታደርገው ተከፈተ። ወይዘሮ ደብሪቱ አልጋቸው ላይ ሆነው ሁለቱንም አዩአቸው፤ ይናገሩ ግን አልቻሉም። ማኅደር፣ ሕፃን ነገር አታውቅም፣ ሄዳ የአያቷን እጅ ያዘች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ያንን እጅ እያየሁ ነበር፤ ከስንት ሕፃን የሸሸ፣ ነጠላ ውስጥ ሲሸጎጥ የኖረ እጅ ነው። አልሰበሰቡትም። ማኅደርም የአያቴ እጅ ለስላሳ ነው አለች። በማግሥቱ ጠዋት፣ ልጃቸውና የልጅ ልጃቸው በአጠገባቸው እያሉ፣ ወይዘሮ ደብሪቱ በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

አሁን እዚህ ከቆማችሁት ሴቶች አንዳንዶቻችሁ፣ የሉሊት ነጠላ ለሐዘንተኛ እንዲህ ነጥቶ፣ እንዲህ ሥርዓት ይዞ እንዴት ተገኘ ብላችሁ ስትንሾካሾኩ ሰምቻለሁ። ጥለቱን ወደ አንገቷ ያዞረችው እርሷ አይደለችም። እናቷ አጥፈው የላኩላት ነው፤ አንስታ ትከሻዋ ላይ ብቻ ጣለችው። አጣጠፉም በዚህ ጊዜ ስሕተት የለበትም።

ወይዘሮ ደብሪቱ ገብረሰንበት ልጃቸውን ሉሊት ተስፋጽዮንን፣ የልጃቸውን ባል ፊሊጶስን እና በመጨረሻ ቀናቸው እጃቸውን የያዘችውን የልጅ ልጃቸውን ማኅደርን ከኋላቸው ትተዋል፤ አደራ ጠባቂው አቶ ሚስባህ፣ የሰሚት ጎረቤቶቻቸው፣ ያጠፉላቸውን ነጠላ ለብሰው ያዘኑ ሁሉና ጋቢውን በረኪና የበላበት አንድ ሽማግሌም ከቀሪዎቹ ይቆጠራሉ። ለእነዚህ ሁሉ መጽናናትን ይላክልን። የእህታችንንም ነፍስ ፈጣሪ በምሕረቱ ውሃ ይጠባት፤ ሳያሻት፣ ሳይጠመዝዛት፣ ከፀሐይ ከልሎ ከአባቶቻችን ጥላ ሥር በዝግታ ይዘርጋት። እናንተም ከኋላ ያላችሁ፣ ድምፃችሁ ይሰማ፤ አሜን በሉ።